ልጅ የሌለው ዐፀድ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ከእሾህ ውስጥ ያወጣኋት አንዲት የወይራ ችግኝ ከሐሳቤ አልወጣ ብላለች። ሥራ ቦታ ሒሳብ እየደመርኩ፣ ማታ ቡና እያፈላሁ፣ አንዳንዴም ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ድንገት ትመጣብኛለች። ቁመቷ ከጉልበቴ ዝቅ ይል ነበር። ቅጠሏ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ገልበጥ ሲደረግ ወደ ወርቃማ ቡናማ የሚያደላ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ሳያት የቀረችው አንድ ስንዝር የማትሞላ እንጨት ብቻ ናት። ማን እንደበላት ለማወቅ ብዙ አልተቸገርኩም። የከበደኝ ካወቅሁ በኋላ ያለው ነው።

ነገሩ የሆነው የእናቴ አገር ደብር ውስጥ ነው፤ ከባሕር ዳር አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን፣ ዘንዘልማን አልፈን፣ ከዚያ በእግር የምንገባበት ቦታ። ስሙን አልጠራም፤ ከጣና ዳር እስከ ደብረ ታቦር ድረስ እንዲህ ያለ ደብር ሞልቷል። ከሩቅ ሲታይ በታረሰ መሬት መሀል የተቀመጠ ክብ ጥቁር ደን ነው፤ ዐፀድ የምንለው ይህንን የቤተ ክርስቲያን ደን ነው፤ ከመሀሉ የጉልላቱ ጫፍ ብልጭ ይላል። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት አክስቴ ዘንድ ስንመጣ ውሏችን እዚያ ነበር። ከዛፎቹ ሥር ያለው መሬት እንደ አውድማ የተጠረገ ስለነበር ድብብቆሽ ስንጫወት መሸሸጊያችን ትልልቁ ግንድ ብቻ ነው፤ ቁጥቋጦ የሚባል የለም። «እንዴት ያለ ንጹሕ ደን ነው!» እያልኩ ከተማ ለቀሩት ጓደኞቼ አወራ ነበር። ያ «ንጽሕና» ምን እንደነበር የገባኝ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

## በየሐምሌው የምንነቅለው

ባሕር ዳር ያለን የሰበካው ተወላጆች የጽዋ ማኅበር አለን። በየወሩ እንሰበሰባለን፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሲያፈስ እናዋጣለን፤ የታመመ እንጠይቃለን። ካለፉት አምስት ዓመታት ወዲህ አንድ ሥራ ጨምረናል፤ በሐምሌ ሁለተኛው ቅዳሜ ገጀራና ዶማ ይዘን ሄደን ከዐፀዱ ዳር ዳር የወፍ ቆሎ እንነቅላለን።

የወፍ ቆሎን የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው ያለ አይመስለኝም። በየአጥሩ፣ በየመንገዱ ዳር አለ። በአንድ እቅፍ ላይ ቢጫና ሮዝ፣ ወይም ቢጫና ቀይ ተቀላቅሎ የሚያብብ፣ ፍሬው ሲበስል የሚጠቁር ቁጥቋጦ ነው። ፍሬውን ወፍ ለቅሞ የትም ይጥለዋል፤ እኛም ልጆች ሆነን ለቅመነዋል። የትውልድ አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው፤ አበባው አምሮት ዓለምን ያዞረው ሰው ነው። ግንዱ አራት ማዕዘን ሆኖ ጥቃቅን እሾህ አለው። ቅጠሉ ሲታሽ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይተዋል፤ ያንን ሽታ ይዘን ወደ ከተማ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉ ሰዎች መስኮት ይከፍታሉ። ከብት በደኅና ጊዜ አይነካውም። ርቦት የበላው እንደሆነ ጉበቱ ይጎዳል፤ ቆዳው ፀሐይ መቻል ያቅተውና ይቆስላል።

ቆርጠነው ስንሄድ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ስንነቅለው ደግሞ በቆፈርነው አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የኖረው ዘር ብርሃን ያይና ይነሳል። በሚቀጥለው ሐምሌ ስንመጣ ካለፈው ትንሽ ሰፋ ብሎ ይጠብቀናል። ማኅበርተኞቼ «ርጉም ተክል» ይሉታል፤ እኔም እል ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ነቅለን በነቀልንበት ቦታ አንድም የአገር ዛፍ በቅሎ አላየንም። ይህ ለምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው በመካከላችን አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ድርሻዬ በምሥራቅ በኩል ነበር። ወገቤ እስኪቆረጥ ስመነጥር ቆየሁና፣ ከእኔ የሚበልጥ ቁመት ያለውን አንድ ትልቅ የወፍ ቆሎ ግማሹን እንዳነሳሁት ከመሀሉ ሌላ ዓይነት ቅጠል አየሁ። ወይራ! ገጀራዬን ጥዬ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። እዚያ ዐፀድ ውስጥ ትላልቅ ወይራዎች አሉ፤ አያቴም ያገኘቻቸው እንደዚሁ ትልቅ ሆነው ነው። ትንሽ ወይራ ግን በሕይወቴ ማየቴ ያን ቀን ነው። ተጣርቼ ሰው ሰበሰብኩ፤ ፎቶ አነሳናት። አንዷ እህታችን እልል አለች። ከዚያ እኔ ራሴ ዙሪያዋን በሁለት ሜትር ያህል ጥርግ አድርጌ አጸዳሁላት። አፈሩን ኮትኩቼ፣ ጠጠር ለቅሜ፣ ውኃ እንዲቆምላት በድንጋይ ከበብኳት። የአትክልት ቦታ መሰለች። ደስታዬን አልደብቅም፤ ያን ማታ ፎቶዋን ለስንት ሰው እንደላክሁ አላውቅም።

## ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ቀን

ፍልሰታ ስለሆነ ለቅዳሴ ሄድኩ። ቀድሜ ስለደረስኩ በምሥራቅ በኩል ዞሬ ችግኟን ልያት አልኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ከዛፎቹ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። የከበብኩበት ድንጋይ እንዳለ ነው። በድንጋዩ መሀል፣ ያጸዳሁት አፈር ላይ፣ ትኩስ የፍየል በጠጥ ተበትኗል። ችግኟ ቅጠል የላትም። ጫፏ ተቀጭቷል፤ የተቀጨበት ቦታ ገና ነጭ ነው፣ እርጥበቱ አልደረቀም።

ቀና ስል ከሃያ እርምጃ በማይርቅ ቦታ አንዲት ፍየል በኋላ እግሮቿ ቆማ አጋም ላይ ተንጠላጥላ ትበላለች። ቀይ ናት፤ ግራ ቀንዷ ከመሀሉ ተሰብሯል። አወቅኋት። ለፋሲካ ዋዜማ ከቅዳሜ ገበያ ሦስት ሴት ፍየሎች ገዝቼ ለአክስቴ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ቀንዷ የተሰበረው ሚኒባሱ ላይ ሲጫኑ ነው፤ ያን ዕለት አዝኜላት ነበር።

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚባለውን ተረት ስንቀልድበት ነው ያደግነው። ያን ቀን ቀልድ አልሆነልኝም። እርጥብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ሲገለባበጥ ይሰማኛል። መጀመሪያ ያሰብኩት ፍየሏን ነው፣ ቀጥሎ አክስቴን፣ ቀጥሎ ገንዘቤን። ከሁሉ በኋላ ግን የመጣውና ያልሄደው ሐሳብ ይኸ ነው፦ ያቺ ወይራ ጉልበቴ ጋ ለመድረስ ቢያንስ ሁለት ሦስት ክረምት ኖራለች። በእነዚያ ክረምቶች ሁሉ ፍየል ነበረ፤ ጥጃ ነበረ፤ በንግሥ ቀን የሚታሰር በቅሎ ነበረ። እንዴት ኖረች? የወፍ ቆሎው ውስጥ ስለነበረች ነው የኖረችው። ከብት ወደዚያ እሾህና ሽታ አፉን አያስገባም። «ርጉም» ያልነው ተክል አጥር ሆኗት ነበር። አጥሯን ያፈረስኩት እኔ፣ ፍየሏን ያመጣሁት እኔ።

የወፍ ቆሎን ላመሰግን አይደለም። ብትቆይ ኖሮ ምናልባት ጥላው አፍኗት ትሞት ነበር፤ ወይም እንደምንም ሾልካ ታልፈው ነበር። እሱን ማንም አያውቅም። የማውቀው፣ እኔ ከነቀልኩላት በኋላ የኖረችው ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ መሆኑን ነው።

ቅዳሴው እስኪጀመር ዐፀዱን ዞርኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ስገባ ዓይኔ ወደ ላይ ነበር የሚያየው፤ ያን ቀን መሬት መሬቱን እያየሁ ዞርኩ። ከላይ ዝግባ አለ፣ ወይራ አለ፣ ሎል አለ፣ ጥቁር እንጨት አለ፣ ዋንዛ አለ። ከታች ምንም የለም። የከብት ኮቴ የጠቀጠቀው ጭቃ፣ በጠጥ፣ ፋንድያ፤ አለፍ አለፍ ብሎ ከብት የማይወደው ሰንሰል። በልጅነቴ «ንጹሕ» ያልኩት ይህንን ነው። አያት፣ ቅድመ አያት ብቻ ያሉበት፣ አንድ ሕፃን የሌለበት መንደር ብትገቡ ምን ይሰማችኋል? ዐፀዱ እንደዚያ ነው። አንድ ሽማግሌ ዛፍ በወደቀ ቁጥር ሰማይ ይከፈታል፤ ብርሃን ይገባል፤ ቦታውን የሚረከብ የዛፍ ልጅ የለም፤ ብርሃን የሚወደው የወፍ ቆሎ ይገባበታል። እኛ በሐምሌ መጥተን እሱን እንነቅላለን።

## ዳውላውን ስንመታ

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ አባቶች። የወፍ ቆሎ ባለቤት የለውም። ስትነቅለው የሚቀየምህ ጎረቤት የለም፤ አጨብጭበው ያመሰግኑሃል። ፍየል ግን ባለቤት አላት። ጥጃም አለው። «ከብትህን እሰር» ማለት የሰውን ጓዳ መክፈት ነው። እኛ አምስት ዓመት ሙሉ ገጀራ ይዘን የሮጥነው ወደ ቀላሉ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማንም ሆን ብሎ ያደረገው አይደለም፣ ግን እንደዚያ ነው የሆነው።

ጣና ላይም ይህንኑ አይተነዋል። ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ባዕድ አረም፣ እምቦጭ፣ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን በኩል መገጭ ወንዝ በሚገባበት አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ገበሬ፣ ስንት ተማሪ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ጎትቷል! ያን የሠራ ሰው ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ከላይ ከማሳው ተጠርጎ የሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ እምቦጩን መመገቡን ካላቆመ ጎታቹ ይደክማል እንጂ እምቦጩ አይደክምም። ባለቤት ያለው ነገር ሲመጣ ዝም እንላለን።

የደኑን ነገር ከእኔ በፊት ቆጥሮ፣ ለክቶ ያስቀመጠ ሰው አለ። የደን ሳይንስ ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ከባልደረቦቹ ጋር አጥንቶ 168 ዓይነት እንጨታማ ተክል መዝግቧል። ከብት የሚገባበትንና በአጥር የተከለለውን አስተያይቶም፣ የተከለለው ውስጥ የአገር ዛፍ ዘር በተሻለ እንደሚበቅል፣ ችግኙም በተሻለ እንደሚተርፍና እንደሚያድግ አሳይቷል። ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ግን ስለ ዘር ያገኘው ነው፦ አብዛኞቹ የአገር ዛፎቻችን ዘራቸውን አፈር ውስጥ ለዓመታት አያስቀምጡም። በወደቀበት ክረምት በቀለ በቀለ፤ ካልበቀለ ይሞታል ወይ ይበላል። የወፍ ቆሎ ግን ዘሩን አፈር ውስጥ አስቀምጦ መጠበቅ ይችላል። እናት ዛፏ ከወደቀች በኋላ አጥር ብናጥር ከአፈሩ የሚነሳ ነገር አይኖርም ማለት ነው። ሰፊ ጊዜ የለንም።

እዚህ ላይ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ከብቱ ዐፀድ ውስጥ የሚከማቸው መቼ ነው? በክረምት። ከሰኔ እስከ ኅዳር ማሳው ሁሉ ሰብል ላይ ስለሆነ እንስሳ የሚሰማራበት ቦታ የለም። የቀረው ክፍት ቦታ የወል ግጦሽ ካለ እሱ፣ ከሌለ ደግሞ ዐፀዱ ነው። የዛፍ ዘር የሚበቅለውም በክረምት ነው። አራስ ቅጠሉ ብቅ ባለበት ሳምንት አፍ ይጠብቀዋል። በበጋ ገለባና ቃርሚያ ሲገኝ ደኑ ፋታ ያገኛል፤ ያን ጊዜ ግን የሚበቅል የለም።

## የወንድሜ ጎመን

ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። የችግኟን ነገር ስነግረው ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን አቁሞ «ይሄማ የእኛ አጋዘን ነው» አለኝ። ጓሮው የተከለውን የአበሻ ጎመን አጋዘን ሌሊት ገብቶ ሙልጭ አድርጎ በልቶበታል። ቤቱ አጠገብ ልጆቹን ይዞ የሚሄድበት ጫካ አለ። ከላይ ትላልቅ የኦክ ዛፎች፤ ከታች ግን ሌላ ነገር ሳይሆን አንድ ዓይነት ለስላሳ ሣር ምንጣፍ ሆኖ ተነጥፏል።

ከዚያ በኋላ እኔም ስለዚያ አነበብኩ። ሣሩ ከእስያ የመጣ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1919 ቴነሲ ላይ ሲሆን፣ የሸክላ ዕቃ እንዳይሰበር ተጠቅልሎበት እንደገባ ይነገራል። አጋዘኑ ግን የአገሩ እንስሳ ነው። በዚያ ምሥራቃዊ ክፍል ተኩላውና ትልልቁ የዱር ድመት አልቀዋል፤ አደኑም ተገድቦ ነበር። አንድ ጊዜ ሊጠፋ የደረሰው አጋዘን ዛሬ በአገሪቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው። ትንሹን ኦክ ይበላል፣ የጫካውን አበባ ይበላል፤ ያን ሣር ግን አይወደውም። አፉ ያለፈው ነገር ብቻ ይቀራል። በዚያም ሰዎች ጫካው መሀል አጥር አጥረው አይተውታል፤ ከውስጥ የዛፍ ልጅ ይወጣል፣ ከውጭ ሣሩ ብቻ ይቀራል።

ሲያስገርመኝ የሰነበተው፣ አጋዘንና ፍየል፣ ኦክና ወይራ፣ በውቅያኖስ የተለያዩ ሆነው ነገሩ አንድ መሆኑ ነው። ባዕድ ተክል ብቻውን ደን አያሸንፍም፤ የሚመርጥ አፍ መንገድ ይጠርግለታል። እኛም አገር ዱሮ ድኩላ ነበረ፤ አክስቴ ልጅ ሆና ዐፀዱ ውስጥ አይታለች። ድኩላም ቅጠል ይበጥሳል። ግን ብቻውን ነው የሚሄደው፤ ጅብና ነብር ይፈራል፤ በጥሶ ያልፋል። የእኛ ፍየል የምትፈራው የለም፤ እረኛዋ አጠገቧ ነው።

## ዘጌ

መስከረም ላይ ዘጌ ሄድኩ። ለንግሥ ሳይሆን መሬቱን ለማየት። ጀልባው ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከወረድኩ በኋላ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውን የእግር መንገድ ይዤ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። እንደሚተረከው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸው በሦስት ተከፍሎ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ሕዝቡም በእነዚህ እንዲኖር፣ በሬ ጠምዶ እንዳያርስ፣ ከብት እንዳያረባ ታዘዘ። ዘጌ በዚያ ቃል ስትኖር መቆየቷን ሁላችን እናውቃለን። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የገዳም ታሪክ አድርጌ ብቻ ነበር የምሰማው። «ከብት አይግባ» ማለት ለዛፍ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር።

ከመንገዱ ወጣ እንዳልኩ የብርብራ ችግኝ አገኘሁ። አንድ አይደለም፤ ከእናቲቱ ሥር ተንጋግተው በቅለዋል፤ አንዳንዱ ገና ሁለት ቅጠል ነው። ለቁጥር ብሎ የሰለጠነ ዓይን ስላለኝ መቁጠር ጀመርኩና 40 ላይ ስደርስ ተውኩት። ዘጌ እንከን የላትም እያልኩ አይደለም፤ ለቡናው ተብሎ ሥር ሥሩ ሲመነጠር ብዙ ችግኝ አብሮ ይሄዳል፤ የቀረው ዛፍም ሰው የመረጠው ነው። ግን ሕፃን አየሁ። እዚያ ቆሜ ጦጣዎቹ ከላይ ቅርንጫፍ ሲያንቀጫቅጩ የእኛ ዐፀድ ታወሰኝና ዕንባዬ መጣ።

## እትዬ

ጥቅምት ላይ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ከሰበካው ሰው ጋር ተነጋገርን። «የወፍ ቆሎውን ትነቅሉልን እንደሆነ እንጂ በሬያችንን እሰሩ ልትሉን ነው የመጣችሁት?» ያለ ሰው ነበረ፤ ስምንት ከብት ያለው ነው፤ እውነቱን ነው፣ በክረምት የት ይውሰዳቸው? ያን ጊዜ ተነስቼ ችግኟን የበላችው ፍየል በእኔ ገንዘብ የተገዛች መሆኗን ተናገርኩ። ጸጥ አሉ። አክስቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ሳላማክራት በሰው ፊት መናገሬ ስሕተት ነበር፤ አሁንም ይቆረቁረኛል።

ማታ ቤቷ ምድጃ ዳር ይቅርታ ጠየቅኋት። «እትዬ፣ አንቱን ማሳፈሬ አይደለም» አልኳት። ዝም ብላ እሳቱን ስትቆሰቁስ ቆየች። «ፍየሎቹን ሸጬ ለልጁ ደብተርና ዩኒፎርም በምን ልገዛ ነው?» አለችኝ። ልጁ የሟች ልጇ ልጅ ነው። መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን ስንነጋገር ቆይተን የደረስንበት ይኸ ነው፤ ከፍየሎቹ የተወለደውን ወንድ ግልገል ሸጠን፣ ሴቶቹ በክረምት ደጅ ታስረው ሊቀለቡ፣ እኔ በየወሩ ሣርና ቅጠል ለሚያጭድ ልጅ ልከፍል፣ በአጥሯ ዙሪያ ቅጠሉ መኖ የሚሆን ሰስባንያ ልንተክል። «አስሮ መቀለብ እኮ ከመውለድ ይከብዳል፣ ልጄ» አለችኝ። የምትለው እውነት ነው፤ እኔ ከተማ ሆኜ የማዝዘው ነገር በእሷ ወገብ ነው የሚሠራው።

ዶክተር ዓለማየሁና አጋሮቹ በሌሎች ደብሮች ያሠሩትን ዓይነት የድንጋይ ካብ ለመሥራት አስበናል። ያ ነገር ደስ የሚለው ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ስለሚለቀም ማሳውም ይጠራል። የእኛ ማኅበር ገንዘብ ግን ገና ዙሪያውን አይበቃም። ስለዚህ የኔታና ተማሪዎቻቸው በምሥራቅ በኩል፣ ያቺ ወይራ በነበረችበት፣ ሃያ እርምጃ በሃያ እርምጃ የሆነ ቦታ በእሾህ አጠሩ። የወፍ ቆሎው በዚያ ዓመት ከነቀልነው በላይ እንዳይነካ ተስማማን፤ መጀመሪያ አጥሩ፣ ከዚያ ነቀላው።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ገባን። የኔታ በመቋሚያቸው እሾሁን ገፍተው አሳለፉን፤ እትዬም አብራን ነበረች፤ ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ወደዚያ ጥግ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። የተቀጨችው ወይራ ከሥሯ ሁለት ቀንበጥ አውጥታለች። በዙሪያዋ የበቀለውን ከተማሪዎቹ ጋር በጉልበታችን እየዳኸን ቆጠርን። ዘጠኝ የወፍ ቆሎ፤ ገና የጣት ርዝመት ስለሆኑ በሁለት ጣት ሳብ ሲያደርጓቸው ይወጣሉ፣ ገጀራ አላስፈለገንም። አሥራ ሰባት የዛፍ ልጅ። አምስት ወይራ፣ ሁለት ሎል፣ አንድ ዋንዛ፤ የቀሩትን ማንነታቸውን አላወቅንም።

እትዬ ከማናውቃቸው ወደ አንዷ ጎንበስ አለች። አንድ ቅጠል ቀጥፋ በጣቶቿ አሸችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። የኮክ ፍሬ ውስጡ ሲሰበር የሚወጣው ዓይነት መራራ ሽታ አለው። «ጥቁር እንጨት ነው» አለች። ቀና ብላ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ያለውን ትልቁን ጥቁር እንጨት ለረጅም ጊዜ አየችው። «እናቱ ያቺ ናት። እኔ እዚህ ስኖር ልጅ አላየሁባትም።»

ከዚያ አጥሩን ዳር ዳሩን ዞረች። በመንደሯ በኩል ያለው ጥግ ላይ ቆመችና እሾሁን በእጇ ነካ ነካ አድርጋ አንዱን ተማሪ ጠራችው።

«ና ልጄ፣ በዚህ በኩል እሾህ ጨምርበት። የእኔዋ ቀይ ፍየል አንገቷ ረጅም ነው።»